ለውሃ ጉዳይ የምንገኝበት ቁጥር

ባሌ ያረፈ ጊዜ፣ በሠልስቱ ዕለት፣ ድንኳን ውስጥ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የሰፈራችን ሴት ጎንበስ ብላ አቀፈችኝ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ ለሁላችንም ወንድም ነበር» አለችና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ቀና ከማለቷ በፊት ግን ጆሮዬ ሥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የነገው ፈረቃ የእኛ ነው ወይስ የላይ ሰፈር?» አለችኝ። እንባዬን ሳልጠርግ «የእናንተ ነው፤ በጠዋት ጀሪካን አሰልፉ» አልኳት። ምን ላድርግ፤ አፌ ለምዶታል።

እንግዲህ ኑሮዬ ይህ ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ፣ በውሃ ቢሮው የደንበኞች መስኮት የተቀመጥኩት ልጄ ገና ስትድህ ነበር። አሁን እሷ ቴፒ ላይ አስተማሪ ሆናለች፤ እኔ ግን እዚያችው መስኮት ላይ ነኝ። ውሃችን በፈረቃ ነው። አንድ ቀን ለታች ሰፈር፣ አንድ ቀን ለላይ ሰፈር፣ አንድ ቀን ለገበያው ዙሪያ ይለቀቃል፤ ያውም መብራት ካለ። በእኛ አገር ዝናብ ሲበረታ ዛፍ ይወድቃል፤ ዛፉ የመብራት ሽቦ ይዞ ይወድቃል፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቧንቧው ይደርቃል። ይህንን ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ማስረዳት ጭንቅ ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው «ውሃ የለም» ስትሉት የምታላግጡበት ይመስለዋል።

ታዲያ ከተማው ያለው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውም እኔን ነው። ገበያ ስወጣ ጎደሬ የምትሸጠው ትጠይቀኛለች። ቅዳሴ ላይ ከጎኔ የቆመችው በክርኗ ትጎስመኛለች። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ ይጠይቀኛል፤ ፊቱን ወደ መንገዱ እስኪመልስ ድረስ እኔ አባታችን ሆይን እጨርሳለሁ። ስልኬማ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ቁጥሬን ያልያዘ ሰው ቢገኝ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው። አማርኛ የሚከብደው በቤንችኛ ይጠይቀኛል፣ የሸኮው በሸኮኛ፣ የከፋው በከፊኛ። ቋንቋዎቹን አልችላቸውም፤ «ነገ» ማለትን ግን በሁሉም እችላለሁ።

ልጄ ያደገችው በዚህ መሃል ነው። ትንሽ ሆና ስልኬን ስታነሳ «እናቴ የለችም፤ ለእናንተ ሐሙስ ነው» ብላ ትዘጋ ነበር። ያኔ እኔና አባቷ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ስትመረቅ ግን አላሳቃትም። ጥቁር ጋውኗን ለብሳ ፎቶ ልንነሳ ስንቆም አንድ የሆቴል ባለቤት ደወለ፤ ሮቶው ባዶ ነው ብሎ ሲጮህብኝ እኔም ስጮህበት፣ ፎቶው ላይ አፌን ከፍቼ ስልክ እንደያዝኩ ቀረሁ። ያንን ፎቶ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ «ይቺ እናቴ ናት፤ ውሃ እያደለች ነው» ትላለች። በሣቅ ነው የምትለው፤ ግን እንደሚያማት አውቃለሁ።

ይህቺው ልጄ አግብታ አረገዘች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድር ነው። አንድ ቀን ደውላ «እማዬ፣ ስወልድ አጠገቤ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው የለኝም» አለችኝ። እሺ አልኳት። «እሺ አትበይኝ፤ ነይ» አለችኝ። ያ አነጋገሯ አንጀቴን በላው። እዚህ ወደ እኔ መጥታ ትውለድ እንዳልል ሆዷ ገፍቷል፤ ያ መንገድ በዚያ ሆድ አይሞከርም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ እሷ ናት፤ ይህን ጊዜ ካጎደልኩባት ሌላ ጊዜ እንደማይሰጠኝ ገባኝ።

የዓመት ፈቃዴን ልጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል የሚያብለጨልጭ ሰው። እንዴት እንደሚያደርገው እስካሁን ምስጢር ነው። ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ስናደድ «አንተ» ይሆናል። እሱ «እትዬ» ነው የሚለኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ መስኮቱ ላይ ማን ይቀመጣል? ሕዝቡ እኮ በቁማችን ይበላናል» አለኝ።

«ልጄ ልትወልድ ነው።»

«ገብቶኛል። ብቻ ዲጂታሉ እስኪጀምር ታገሺኝ። አንዴ ከጀመረ ደንበኛው የፈረቃውን ቀን በስልኩ ሜሴጅ ያገኛል፤ መስኮትሽ ላይ ዝንብ እንኳ አያርፍም። ያን ጊዜ እስክትጠግቢ ትሄጃለሽ። ቃሌ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ዲጂታል የተባለው ነገር የራሴ ጉዳይ ሆነ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ለሲስተም ስለት የተሳልኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌላው ሰው ስለ ሥልጠናው አበል ሲያወራ እኔ የልጄን ወር እቆጥር ነበር።

ሲስተሙን የሚተክለው ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው፤ ግን የአንድ ቀን ሥልጠና ለመስጠት ሳምንት ሙሉ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩን ሲከፍት መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ሁለቱ ተስማምተው አንድ ላይ የመጡ ዕለት ደግሞ ሠልጣኙ ሁሉ ለቅሶ ሄዷል። ባዶ ወንበሮቹን እያየ «እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ አሁን ደህና ነው፤ ክረምቱን መች አየኸው» አልኩት። ማታውን ከሆቴሉ ደውሎ እሱም የፈረቃውን ቀን ጠየቀኝ፤ ሳሙና ተቀብቶ ነው መሰል ድምፁ ይጣደፋል። ቁጥሬን ማን እንደሰጠው አልጠየቅኩትም።

ሲስተሙ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው ተባለ፤ የደንበኛው ስልክ ቁጥር። ቆጣሪ አንባቢዎቻችን ታብሌት ታድሏቸው ቤት ለቤት ዞሩ። በየደጁ ቆመው «ለውሃ ጉዳይ የምትገኙበትን ቁጥር ስጡን» እያሉ መዘገቡ። ምዝገባው ከታሰበው ጊዜ በፊት አለቀ። ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር፤ በእኛ ቢሮ ከታሰበው ጊዜ በፊት ያለቀ ነገር ታይቶ አይታወቅማ። ሥራ አስኪያጁ ግን ደስ ብሎት ለሁሉም ለስላሳ ጋበዘ።

የመጀመሪያው መልእክት በሚላክበት ጠዋት ሦስታችን፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ባለሙያውና እኔ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቆምን። ባለሙያው «ውድ ደንበኛችን፣ ዛሬ በእርስዎ አካባቢ ውሃ ይለቀቃል» ብሎ ጻፈና ተጫነው። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። እኔ በልቤ «ተመስገን፣ ቴፒ ገባሁ» አልኩ።

በዚህ መሃል መስኮቴ ላይ ትቼው የመጣሁት ስልክ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ማቆሚያ አጣ። ሮጬ ስደርስ እየተንቀጠቀጠ ጠረጴዛውን አቋርጦ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ልይዘው እጄን ስዘረጋ ወደቀ። ወለሉ ላይ ወድቆም መንቀጥቀጡን አልተወም። አንስቼ ሳየው «ውድ ደንበኛችን» ይላል፤ ከሥሩ «ውድ ደንበኛችን»፤ ከዚያም ሥር እንዲሁ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ውድ ሆኜ አላውቅም።

ወዲያ ማዶ ባለሙያው «ሁሉም ደርሷል፤ አንድም የቀረ የለም» ሲል ይሰማኛል። ኮምፒውተሩ ላይ የደረሰ መልእክት አረንጓዴ ምልክት ያወጣል፤ ያ ሁሉ መስመር አረንጓዴ ሆኗል። እውነቱን ነው፤ ደርሷል። የደረሰው ግን ለእኔ ነው።

ቆጣሪ አንባቢዎቹን ጠርቼ አፋጠጥኳቸው። «ያ ሁሉ ቤት የእኔን ቁጥር ሲሰጣችሁ አንዳችሁ እንኳ አላወቃችሁትም? በየቀኑ የምትደውሉበትን ቁጥር!»

«እትዬ፣ እኛ አንቺን በስምሽ ነው የያዝንሽ» አለኝ አንደኛው፣ እንደተበደለ ሰው። «ዛሬ የሰው ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ማን አለ?»

«ዐይናችሁ ይጥፋ እንጂ ምን እላለሁ» ብዬ አሰናበትኳቸው።

ሕዝቡንም ጠየቅኩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ደንበኛ «ለውሃ ጉዳይ የምትገኚበት አሉኝ። የእኔ ስልክ ለልጆቼ ነው። ለውሃ ጉዳይ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ያንቺን ሰጠሁ። ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ሳስበው ምንም አላጠፉም። አንድ ባለሱቅ ደግሞ «ቁጥሬን ለመሥሪያ ቤት ሰጥቼ ስብሰባ ልጠራ? መዋጮ ልጠየቅ?» አለኝ። እሱም ቢሆን የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እንዲህ እንዲህ እያለ የከተማው ግማሽ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ፣ አንድ ላይ ሳይመክር እኔን አስመዝግቧል።

የራሳቸውን ቁጥር የሰጡትስ? እነሱማ መልእክቱ ሲደርሳቸው ስልካቸውን ይዘው ወደ መስኮቴ መጡ። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ስልካቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፉልኝ።

«ይኼ እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባባ፤ ከእኛው ነው የተላከልዎ።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩን አላውቀውም። አንቺ በይኝ።»

«ውሃ ዛሬ ይለቀቃል።»

«እህ፣ እንዲህ በይኝ እንጂ» ብለው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ከኋላቸው የቆመችው ሴት ቃል በቃል ሰምታለች፤ ቢሆንም ተራዋ ሲደርስ ስልኳን አቀረበች። ከእሷም ኋላ ያለው እንዲሁ። ድሮ ውሃ የጠፋ ቀን ብቻ ነበር ሰልፍ የሚኖረው፤ ዲጂታሉ ከመጣ ወዲህ ውሃ በሚለቀቅበትም ቀን ሰልፍ ሆነ። ወረፋው ከግቢያችን ወጥቶ ከሙዝ ነጋዴዎቹ ጋር ተደባለቀ። ሥራ አስኪያጁ የእሱ ቢሮ በጓሮ በኩል ስለሆነ ይህንን አያይም፤ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴውን እያየ ይውላል።

በዚያ ሳምንት ልጄ ደወለች። «ሆዴ ወርዷል፤ አዋላጇ ከዚህ በኋላ ዛሬ ነገ ነው ብላኛለች። እየመጣሽ ነው?»

«እየመጣሁ ነው።»

«እስቲ እናያለን» አለችኝ። አባባሏ ከመሳደብ ይብሳል።

ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። ገና ሳልናገር ከመቀመጫው ተነሥቶ ፈቃዴ የተፈረመበትን ወረቀት ዘረጋልኝ። «እትዬ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ዲጂታሉ ሠርቷል፤ ነገ መሄድ ትችያለሽ። እይው እስቲ» ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

ወረቀቱን ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ብወጣ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ግን ያ ሁሉ ሰው ጀሪካኑን ይዞ መልእክት ሲጠብቅ፣ መልእክቱ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ቴፒ ሲገባ ታየኝ። በራሴ ተናደድኩ፤ በእሱም ተናደድኩ።

«ይኼ አረንጓዴ እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንዴት ማለት?»

ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ውድ ደንበኛችን» የሚለውን በጣቱ ወደ ታች ሲገፋው፣ ሲገፋው፣ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። «አይሆንም። ሁሉም ሰውማ እንዲህ አያደርግም። ቢያንስ የእኔ ቤት…» አለና የራሱን ቤት ቆጣሪ ፈልጎ አወጣ። የወጣው ቁጥር የእኔ ነው። እዚያው ለሚስቱ ደወለ፤ ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል። «ለውሃ ጉዳይ የምትገኙበት ሲሉኝ ታዲያ የማንን ልስጥ? አንተ እንደሆንክ ስደውልልህ አታነሳ» አለችው።

ስልኩን አስቀመጠና ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበው። «እንግዲህ እትዬ፣ በዚህ ሁኔታ አትሄጂም።»

ከዚያ በኋላ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም። «ስማ አንተ» አልኩት። «አባቷ የለም። ባሏ የት እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው። ያቺ ልጅ ከተወለደች ጊዜ ጀምሮ እናቷን ለዚህ ከተማ አበድራለች። ፈረምክ አልፈረምክ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ከፈለግህ አባርረኝ፤ እንዲያውም ብታባርረኝ ደስ ይለኛል።» እንደዚያ ለአለቃ ተናግሬ አላውቅም፤ ከተናገርኩ በኋላ ግን ቀለል አለኝ።

ወረቀቱን መልሶ ወደ እኔ ገፋው። ከዚያ «ስልክሽን ትተሽ ሂጂ» አለኝ።

«ምን?»

«ሕዝቡ የሚያውቀው ቁጥርሽን ነው። ቁጥሩ እዚህ ይቅር፤ አንቺ ሂጂ። መስኮቱ ላይ እኔው እቀመጣለሁ። ደግሞስ ስልክ ማንሳት ምን ይከብዳል?»

በሆዴ «ታያታለህ» እያልኩ ስልኬን ሰጠሁት። ከመስጠቴ በፊት ለልጄ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ተኝታ ይሆናል፣ ነገ በአካል እደርስ የለ ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ሌሊቱን ሲዘንብበት ባደረው መንገድ ላይ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቦርሳዬ ዝም ብሏል፤ ከተሳፋሪው የሚያውቀኝ የለም፤ የሚጠይቀኝ የለም። ጫካው በሁለቱም በኩል ጥቅጥቅ ብሎ፣ ቡናው ከሥሩ ቀልቶ፣ እንደ ሰው ተቀምጬ በመስኮት አየሁ። አገሬ ይህን ያህል እንደምታምር ረስቼው ኖሯል። ከዚያ ዳገቱ ላይ ቡና የጫነ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ተንሸራቶ መንገዱን እንደ አጥር ዘግቶት አገኘነው።

ሰዓቱ ይሄዳል። ዝናቡ ደግሞ ጀመረ። ሾፌሩ «ይነሣል፣ ይነሣል» ይላል፤ የሚነሣ ነገር አይታይም። ከጎኔ የተቀመጠውን ተሳፋሪ «ወንድሜ፣ ስልክህን አንዴ ታውሰኛለህ? ልጄ ጋ ልደውል» አልኩት። «ውሰጂ እናቴ፣ ቁጥሯን በይኝ» አለኝ። ለካ ቁጥሯን አላውቀውም። «ልጄ» ብዬ ነው የያዝኳት። ቆጣሪ አንባቢዎቹን የሰደብኩት ስድብ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የራሴን። እሱን ደወልኩ፣ ሥራ አስኪያጁ የልጄን ቁጥር አውጥቶ እንዲነግረኝ። ተይዟል አለኝ። ቆይቼ ሞከርኩ፤ ተይዟል። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም ተይዟል። ሰው ለእኔ ሲደውል ሲሰማው የኖረው ይህንን ነው ለካ። ተናደድኩ፤ በገዛ ስልኬ ተናደድኩ፤ «ይኼ ሰውዬ ምን እያወራ ነው ይህን ያህል!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ስልኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደ።

በመጨረሻ ሴቱም ወንዱም ወርዶ የጭነት መኪናውን መግፋት ጀመረ። እኔም ለአራስ ቤት ብዬ የተጫማሁትን ጫማ ይዤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ገፋን፣ ተንሸራተትን፣ ተሳደብን፣ ገፋን፤ መኪናው ወደ ጥግ ሲል ሚኒባሳችን እንደ ምንም ተጣቦ አለፈ። ቴፒ ስገባ ከጉልበቴ በታች ቀለሜ አይታወቅም፤ እጄም እስከ ክርኔ ጭቃ ነው። በባጃጅ ልጄ ቤት ስደርስ ደጁ ተቆልፏል። ጎረቤቷ ብቅ ብላ «እናቷ ነሽ? ጠዋት እኮ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድናት» አለችኝ። በመጣሁበት ባጃጅ ወደዚያው በረርኩ።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ስገባ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ከለቅሶው ጋር ደግሞ የማውቀው የወንድ ድምፅ፣ ሲጮህ የዋለ ሻካራ ድምፅ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አለቀ፣ አለቀ፤ እናትሽ እየመጣች ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጄ ነው። እዚህ ምን ያደርጋል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አዋላጇ በሩ ላይ ገታችኝ።

«ማን ነሽ?»

«እናቷ ነኝ።»

«አሁን?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም፤ አልፌ ገባሁ።

ልጄ ጋደም ብላለች፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት፤ ስልኩ ስፒከሩ ተከፍቶ ትራሷ ላይ ተቀምጧል። አዋላጇ ከኋላዬ «ስልክ ዝጊ ብያት ነበር። ባሏ መስሎኝ ተውኩላት። ባሏ አይደለም እንዴ?» አለች።

«ሥራ አስኪያጄ ነው» አልኳት። ምን ብላ እንዳሰበች አላውቅም።

ልጄ ድምፅዋ ደክሞ ነበር። «ጠዋት ምጡ ሲጀምረኝ ላንቺ ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አንስቶ ‹ዛሬ የገበያው ዙሪያ ነው› አለኝ። ‹እናቴን ነው የምፈልገው፣ ምጥ ይዞኛል› ስለው ፈረቃውን ተወው። ከዚያ ‹እናትሽ መንገድ ላይ ናት፤ እስክትደርስ አልዘጋውም› አለኝ። አልዘጋውም፣ እማዬ። እስካሁን አልዘጋውም።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ያ የእኔ ቦታ ነበር፤ «አይዞሽ» የማለት ተራው የእኔ ነበር። ቀጥሎ እንባዬ መጣና ቅናቱን ይዞት ሄደ። ግንባሯን ሳምኳት፤ ጭቃዬን ሳትጠየፍ አንገቴን አቀፈችኝ። ከዚያ ስልኩን አነሣሁ።

«አለሁ፤ ደርሻለሁ» አልኩት።

«እትዬ?» አለ። ከኋላው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«ምንድን ነው ጫጫታው?»

«ሕዝቡ ነዋ። ስልኩ ስለተያዘባቸው ሁሉም ወደ መስኮቱ መጡ፤ ምጥ ላይ መሆኗን ሲሰሙ ከጠዋት ጀምሮ የሄደ የለም። ስለ ውሃ የሚጠይቀኝም ጠፍቷል። አሁን ‹ተገላግላለች› ብዬ ብነግራቸው አላመኑኝም። ‹አንተ ምን ታውቃለህ፣ እሷ ትንገረን› ነው የሚሉት። ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ፤ በእግዚአብሔር ንገሪያቸው።»

ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ በዚያ በመስኮቱ ድምፄ፣ «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኩ።

እልልታው ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። በእልልታው መሃል «አልሐምዱሊላህ» የሚል ሰማሁ፣ «ሃሌሉያ» የሚል ሰማሁ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት» የሚሉ የብዙ ሴቶች ድምፅ ሰማሁ፤ ማን ማን እንደሆኑ በየድምፃቸው አወቅኳቸው። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች።

«አስቀምጪው እማዬ» አለችኝ ልጄ። «አስቀምጪውና ነይ ያዣት።»

እልል እያለ ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። እጄን ስዘረጋ ጭቃ ነው። አዋላጇ ቧንቧውን አሳየችኝና መድረቁ ትዝ ሲላት ጥግ የነበረውን ጀሪካን አነሣች። እሷ እያንቆረቆረችልኝ እስከ ክርኔ ታጠብኩ፤ በቀሚሴ ውስጥ በኩል እጄን አደረቅኩ፤ ከዚያ የልጅ ልጄን ተቀበልኩ።